የግራ ተመላላሿ እናት

ሉጥፊያ ይማም እግር ኳስን የምታውቀው በእድፉ ነበር። ኻርቱም፣ አል-ጣኢፍ በሚባለው ሰፈር በምትሠራበት ቤት ሁለት ወንዶች ልጆች አሉ፤ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የኳሱ ክብ አሻራ በነጭ ሸሚዛቸው ደረት ላይ ታትሞ ይመጣል። አሻራው በመዘፍዘፍ ብቻ አይለቅም፤ በእጅ መፈተግ አለበት። ኳስ ማለት ለእሷ ይኸው ነበር። ሰው ለምን እንደሚሯሯጥለት፣ ለምን እንደሚጮህለት አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም።

ኻርቱም ከገባች አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል። በ1985 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ ተነሥታ በመተማ በኩል ስትሻገር ዕድሜዋ ሃያ አራት ነበር። ባሏ ሌላ አግብቶ ከተለያት በኋላ የአምስት ዓመት ልጇን ሬሕማን ለእናቷና ለታላቅ ወንድሟ ለሳሊህ ትታ፣ «ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ» ብላ ወጣች። ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት ሆነ። ለምን ብሎ ለሚጠይቃት ሰው ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ወረቀት፣ የእናቷ ሕመም፣ የቤቱ ቆርቆሮ፣ ዘንድሮ ካልሆነ ለከርሞ። እያንዳንዱ ምክንያት እውነት ነው፤ ሲደማመሩ ግን ለራሷም አይሞሉላትም።

የምትኖረው ከከተማው ዳር፣ ካላክላ በሚባል ሰፈር ነው፤ ከጎንደሬዋ ከስንቅነሽ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ። ሐፍላ በሚሏት፣ ሰው እንደ ሸክም በሚጠቀጠቅባት ሚኒባስ ሁለቴ ተሳፍራ በየማለዳው አል-ጣኢፍ ትደርሳለች፤ አመሻሽ ላይ በዚያው መንገድ ትመለሳለች። ብዙዎቹ የወሎ ሴቶች ከሚሠሩበት ቤት ያድራሉ። ሉጥፊያ ግን የራሷ በር እንዲኖራት ስለምትፈልግ ገና ከጅምሩ «ተመላላሽ ነኝ፤ አላድርም» ብላ ነው የተቀጠረችው።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ ካላክላ ገበያ ካለው ስልክ ቤት ገብታ ኮምቦልቻ ሳሊህ ሱቅ ትደውላለች። ሬሕማ እዚያ ትጠብቃታለች። ሬሕማ «እማ» የምትለው አያቷን ነው፤ ሉጥፊያን «እቴቴ» ትላታለች፣ እንደ አክስት። ንግግራቸው ሁልጊዜ አንድ ነው።

«ደህና ነሽ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ትምህርትስ?»

«ደህና ነው፣ እቴቴ።»

ከዚያ ዝም ይባባላሉ። መስመሩ ብቻ ያፏጫል። ልጅቱን ልትጠይቃት የምትችለው ነገር አልቆባት፣ ሉጥፊያ ብዙ ጊዜ ስልኩን የምትዘጋው የከፈለችበት ሰዓት ሳይሞላ ነው።

በ1997 ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ በአንዱ ጁምዓ ግን ስልኩን ያነሣው ሳሊህ ራሱ ነበር።

«ሬሕማ የለችም፤ አዲስ አበባ ናት» አላት።

«አዲስ አበባ ምን ልትሠራ?»

ሳሊህ ጉሮሮውን ጠረገ። «ተመርጣ ነው። ለብሔራዊ ቡድን። ከሃያ ዓመት በታች የሴቶች ቡድን።»

«የምን ቡድን?»

«የእግር ኳስ።»

ሉጥፊያ የስልኩን እጀታ ከጆሮዋ አንሥታ አየችው፤ መልሳ ለጠፈችው። «ኳስ ከጀመረች ስንት ጊዜዋ ነው?»

«ሦስት ዓመት ይሆናታል። ትቆጪያለሽ ብለን ነው ያልነገርንሽ።»

ቁጣው እስኪመጣ ጠበቀች። አልመጣም። በቁጣው ቦታ ሌላ ነገር ነበር የመጣው፤ ብዙ ዓመት ያልተሰማት ዓይነት፣ የሰው ዕቃ ከፍቶ የማየት ያህል የሚበላ ጉጉት።

«ሶላቷን ትሰግዳለች?»

«ወላሂ አታጓድልም።»

«ምን ለብሳ ነው የምትጫወተው?»

«ማልያና… ቁምጣ።»

«ቁምጣ?»

«ካልሲው ግን እስከ ጉልበት ነው!» አለ ሳሊህ ቶሎ ብሎ።

ማታ ለስንቅነሽ ነገረቻት። ስንቅነሽ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋዋን አቁማ ሳቀች። «እኔ የማውቀው ሴት ባሏን ስትራገጥ ነው፤ ኳስ ስትራገጥ አላየሁም!» ሲላት ደግሞ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «ለአገር ከሆነማ ትርገጠው። ግን ለእነዚያ ለሰፈርሽ ሴቶች አትንገሪ፤ ቁምጣውን ሲጎትቱ ይከርማሉ» አለቻት።

በሚቀጥለው ጁምዓ ሉጥፊያ ሳሊህ በሰጣት ቁጥር የቡድኑ ልጆች ያረፉበት ቦታ ደወለች። ሬሕማ ሮጣ መጥታ አነሣችው፤ ትንፋሿ ይሰማል።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አለቻት ሉጥፊያ፤ ቀጥሎ የሚባለው ስለጠፋት፣ «እዚያ ምንድን ነሽ አሉ?» ስትል ጠየቀቻት።

«ግራ ተመላላሽ ነኝ።»

ሉጥፊያ ጮኸች። «ሰው ቤት ገባሽ? ያ አላህ! እኔ እዚህ የምንከራተተው አንቺ ሰው ቤት እንዳትገቢ አልነበር እንዴ? የማን ቤት ነው?»

በስልኩ ውስጥ ሳቅ ፈነዳ። ከሆድ የሚወጣ፣ የሚቆራረጥ ሳቅ ነበር። ሉጥፊያ ሬሕማ ስትስቅ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማቻት ገና የወተት ጥርሷ ሳይነቀል ነው።

«በኳስ ነው እቴቴ! በግራ በኩል ወደ ፊትም ወደ ኋላም የሚመላለስ ተጫዋች ማለት ነው።»

«ምን ልታመጪ ነው የምትመላለሺው?»

«ኧረ ተይው፣ አይገባሽም።»

በክፋት አላለችውም። እንደ ማንኛዋም የዚያ ዕድሜ ልጅ ነው ያለችው። ግን ቃሉ የሉጥፊያ ጉሮሮ ላይ እንደ ዓሣ እሾህ ተሰካ። አይገባሽም። ስለ ልጇ የማይገቧት ነገሮች ብዙ መሆናቸውን ታውቃለች፤ ይኼኛው ግን የሚጠየቅለት ሰው ያለው ዓይነት ነው።

ሰውዬው ሀጅ በሽር ነበሩ፤ የቤቱ ጌታ አባት። ድሮ የጂኦግራፊ መምህር፣ ከዚያም ጋር ሃያ ዓመት የኳስ ዳኛ። አሁን ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸው ቀኑን በረንዳው ላይ፣ በጠፍር አልጋቸው ተጋድመው ቴሌቪዥን ውስጥ ያሉትን ዳኞች ሲሰድቡ ይውላሉ። ቤተሰቡ ስለ እሳቸው የሚለው አንድ ነገር አለ፦ ሀጅ ተሳሳትኩ ብለው አያውቁም። ራሳቸው ጨው ያበዙበትን ወጥ እንኳ ሲበሉ ያጠፋው ጨው ሻጩ ነው። ሉጥፊያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የአልጋቸውን ዙሪያ ስትወለውል ከሰላምታ ያለፈ አውርተው አያውቁም።

አንድ ቀን ጧት የፉል ባቄላ ልትለቅም ትሪዋን ይዛ ደረጃው ላይ ተቀመጠችና፣ «ያ ሀጅ፣ በኳስ የግራ ተመላላሽ የሚባለው ሥራው ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው።

ሀጅ ቴሌቪዥኑን አጠፉ። ያ ራሱ ተአምር ነበር።

«ማን ነው የጠየቀሽ?»

«ጀናዬ አገር ቤት ይጫወታል ብለውኝ ነው» አለች። ጀና በሱዳኖች ዐረብኛ ልጅ ማለት ነው፤ ወንድም ይሁን ሴት። ሀጅ ወንድ መሰላቸው። እሷም አላረመቻቸውም።

«ትሪውን አምጪ» አሉ።

ከባቄላው አሥራ አንድ ቆጥረው በአንድ በኩል ደረደሩ። ጧት የበሉትን የተምር ፍሬ ከሰሐናቸው ለቅመው በሌላ በኩል አሰለፉ። ከጀለቢያቸው ኪስ አንድ የሸሚዝ ቁልፍ አወጡ፤ እሱ ኳሱ ነው። «ይኼ በረኛ። እነዚህ አራቱ ኋላ። በግራ ጫፍ ያለችው ይህቺ ባቄላ ያንቺ ልጅ ናት። ጠላት በዚህ በኩል ሲመጣ ትቆማለች። ኳሱ የእኛ ሲሆን መስመሩን ይዛ እስከዚያ ድረስ ትሮጣለች። ኳሱ ሲቀማስ?»

ሉጥፊያ ባቄላዋን አየች። «ትመለሳለች?»

«ማን ነግሮሽ ነው!» አሉ ሀጅ፤ ተደሰቱ።

ከዚያ ወዲህ በየጧቱ ባቄላ ለቀማው አንድ ሰዓት ይፈጅ ጀመር። ማዳሚቱ፣ የሀጅ የልጃቸው ሚስት፣ አንዴ ብቅ ብላ «ምሳ ዛሬ ነው ነገ?» ብትል አማቷ በእጃቸው አባረሯት። ሉጥፊያ ጥያቄዋ አያልቅም። ኳሱ ከመስመር ሲወጣ ለምን በእጅ ይወረወራል? በእግር አይደል ጨዋታው? ከጨዋታ ውጪ የሚሉት ምንድን ነው፤ ሰው ሜዳ ውስጥ ቆሞ እንዴት ከጨዋታ ውጪ ይሆናል? ሀጅ ይቺን ለማስረዳት ሦስት ጧት ፈጀባቸው፤ በሦስተኛው ሲገባት ትሪው ላይ አጨበጨበችና ባቄላው ሁሉ ተበተነ።

አመሻሽ ላይ ደግሞ ካላክላ ስትደርስ ከሐፍላው አንድ ፌርማታ ቀድማ ትወርዳለች። እዚያ ወጣቶች የሚጫወቱበት አቧራማ ሜዳ አለ። ፌስታሏን ይዛ ጥግ ትቆማለች። ሰው ሁሉ ኳሱን ሲከተል እሷ በግራ ጫፍ ያለውን ልጅ ብቻ ነው የምታየው። ያ ልጅ ከሁሉ የተረሳ ነው። ይሮጣል፣ እጁን ያነሣል፣ ማንም ኳስ አይሰጠውም፣ ይመለሳል። እንደገና ይሮጣል። አሥሬ ሄዶ አንዴ ቢሰጡት ነው። ግን አንዴ ሳይመለስ የቀረ ዕለት ሁሉም በአንድ ድምፅ ይጮሁበታል። ሉጥፊያ ይኼን እያሰላሰለች ቤቷ ገባች። ልጄ ይኼን ትወደዋለች? ምኑን?

አንድ ጧት ሀጅ ባቄላውን እየደረደሩ፣ «ልጅሽ ስሙ ማን ነው?» አሏት።

ከእንግዲህ መዋሸት አልሆነላትም። «ሬሕማ ነው ስሟ» አለች። «ሴት ናት፣ ያ ሀጅ።»

ሀጅ የያዟትን ባቄላ ትሪው ላይ አስቀመጡ። ቴሌቪዥኑን ከፈቱ። ያን ቀን አላናገሯትም፤ በማግስቱም። ሉጥፊያ ባቄላዋን ወጥ ቤት ወስዳ ለቀመች። አዝናለች፤ ግን ከኀዘኗ በላይ ያልጨረሱት ትምህርት ነበር የሚከነክናት፤ የማዕዘን ምት ሲመታ ግራ ተመላላሹ የት እንደሚቆም ገና አልነገሯትም።

በሦስተኛው ቀን ከበረንዳው ድምፅ መጣ። «ያ ሉጥፊያ! ትሪው የት አለ?»

ይዛ ወጣች።

«ሁለት ቀን ሙሉ ሕጉን በልቤ ሳገላብጥ ነበር» አሉ ሀጅ፣ ፊቷን ሳያዩ። «የኳስ ሕግ አሥራ ሰባት ነው። ስለ ሜዳው ይላል፣ ስለ ኳሱ ክብደት ይላል፣ ስለ ጫማ ይላል። ተጫዋቹ ወንድ ይሁን የሚል አንድም አላገኘሁም። በየትኛው እግሯ ነው የምትመታው?»

ሉጥፊያ አታውቅም። በሚቀጥለው ጁምዓ ደውላ ጠየቀች።

«በግራ ነው፤ ለዚያ ነው የመረጡኝ» አለች ሬሕማ። «ከኛ መሀል ግራ እግረኛ እኔ ብቻ ነኝ። አሠልጣኛችን ከሰማይ የወረደች ነው የምትለኝ።»

ሉጥፊያ ስልክ ቤቱ ውስጥ እንደቆመች ትንሽዋን ሬሕማ አየቻት፤ ገበታ ላይ ግራ እጇን ስትሰድ። በዚያች እጅ ላይ ስንቴ እንዳሳረፈችባት። በቀኝሽ ብይ! በቀኝሽ! አንድ ሰሞን እንዲያውም ግራ እጇን በነጠላ ጫፍ አስራባት ነበር። እጁን አስተወቻት፤ ግራው ወርዶ እግሯ ውስጥ ተደብቆ ኖሯል።

በየካቲት ሳሊህ የነገራት ወሬ ግን ሁሉን አስረሳት። ቡድኑ ለማጣሪያ ጨዋታ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ሊሄድ ነው፤ አውሮፕላኑ የሚቀየረው ኻርቱም ነው። እሑድ ጧት ገብተው አራት ሰዓት ያህል ይጠብቃሉ።

አውሮፕላን ማረፊያው ከአል-ጣኢፍ ሩቅ አይደለም፤ ልብስ ስታሰጣ አውሮፕላኖቹ ከአናቷ በላይ ዝቅ ብለው ነው የሚያልፉት። ግን መንገደኛ ያልሆነ ሰው ውስጥ አይገባም፤ የእሷ ኢቃማ ደግሞ ከተቃጠለ ሰንብቷል። በረንዳው ላይ ቆማ ለሀጅ ነገረቻቸው፤ ምን እንዲያደርጉላት እንደምትፈልግ ራሷም አላወቀችም።

እሑድ ጧት ስትመጣ ሀጅ በሽር ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረቫት አስረው፣ ከዘራቸውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል። «ያላ» አሉ፤ «ታክሲው እየጠበቀን ነው።»

የመግቢያው ዘበኛ ትኬት ጠየቀ። ሀጅ አለቃውን ጥራ አሉ። ዘበኛው ቢያቅማማም ዕድሜያቸውን አይቶ ሄደ። ጥቂት ቆይቶ ቦርጫም፣ ራሰ በራ ሰው መጣ፤ ጂብሪል ይባላል፤ የመንገደኞች አዳራሽ ኃላፊ ነው። ሀጅን አየና ባለበት ቀረ።

«አንተ ነህ!» አለ።

ሀጅ አተኩረው አዩት።

«ስድስት ቁጥር» አለ ጂብሪል ደረቱን እየመታ። «ኦምዱርማን፣ የዛሬ ሠላሳ ዓመት፣ የዋንጫ ጨዋታ! በሠላሳኛው ደቂቃ አባረርከኝ። ኳሱን ነበር የመታሁት፤ ኳሱን! እናቴ ሜዳው ዳር ቆማ ነበር።»

ሉጥፊያ አንገቷን ደፋች። በቃ፣ አለቀ አለች በልቧ። ሀጅን ታውቃቸዋለች፤ ጨው ሻጩን ያጠፋህ አንተ ነህ የሚሉ ሰው ናቸው። ሀጅ በሽር ከዘራቸው ላይ ተደገፉ። ወደ እሷ ዞር ብለው አዩ፤ ወደ ጂብሪል ተመለሱ።

«ከኋላ ነበርኩ» አሉ። «በደንብ አላየሁም። ተሳስቼ ይሆናል።»

የጂብሪል ትከሻ ወረደ። በሁለት እጁ የሀጅን እጅ ያዘና ነቀነቀው፣ ነቀነቀው። የመጡበትን ጉዳይ ሲሰማ፣ «አንድ ሰዓት። ከዚያ በላይ አልችልም» ብሎ ሉጥፊያን ራሱ ይዟት ገባ። ሀጅ ጉልበቴን አሳርፋለሁ ብለው ከውጪ ወንበር ላይ ቀሩ።

አዳራሹ ጥግ ላይ ሃያ የሚሆኑ ልጃገረዶች አረንጓዴ ቱታ ለብሰው ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠዋል። እናት የምታክል ሴት ስትመጣ ሲያዩ ሁሉም በአገራቸው ወግ ብድግ አሉ። ሉጥፊያ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ዓይኗን አንከራተተች። ሁሉም ረጃጅም፣ ሁሉም ሹሩባ፣ ሁሉም አንድ መሰሏት። ሳሊህ በላከላት ፎቶግራፍ ላይ ያለችውን ልጅ አጣቻት።

«የሬሕማ እናት ነኝ» አለች።

ልጃገረዶቹ ተያዩ፤ ከዚያ ለሁለት ተከፈሉላት። ከኋላቸው አንዲት ልጅ መሬት ላይ፣ ራሷን ቦርሳ ላይ አድርጋ እንቅልፍ ወስዷታል። አንደኛዋ ልትቀሰቅሳት ጎንበስ ስትል ሉጥፊያ እጇን ያዘቻት። «ትንሽ ቆይ» አለች።

አጠገቧ ቁጢጥ ብላ አየቻት። ሱሪዋ ተሰብስቦ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ የሚታየው እግር የወንድ እግር ይመስላል፤ ጡንቻ ነው፣ ሰንበር ነው፣ አንድ ቦታ ሰማያዊ ሆኖ አብጧል። ጥፍሮቿ እስከ ሥሩ ተቆርጠዋል። አፍንጫዋ የሳሊህ ነው። ጆሮዋ ላይ ሉጥፊያ የማታውቃት ትንሽ ጠባሳ አለች። ይቺ ከየት መጣች? ቁስሉን ማን አጥቦ ጠገነው? ልትነካው እጇን ስትሰድ ሬሕማ ዓይኗን ገለጠች።

«እቴቴ?»

ተቃቀፉ። አለቀሱም፤ ግን ሉጥፊያ እንደፈራችው ያህል አልረዘመም። ከዚያ ያ የስልኩ ዝምታ መጥቶ በመካከላቸው ተቀመጠ። ሉጥፊያ ከቦርሳዋ የተምር ብስኩት አወጣች። ሬሕማ በግራ እጇ አነሣችና ደንገጥ ብላ ወደ ቀኟ አዛወረችው። ሉጥፊያ ምንም አላለችም። ይልቅ ሦስት ወር ሙሉ ያጠናችውን ጠየቀች።

«የቀኝ ክንፋቸው ፈጣን ከሆነች ወደ ውስጥ ነው የምትገፊያት ወይስ ወደ መስመሩ?»

ሬሕማ ብስኩቱን ከአፏ አወጣች። «ምን አልሽ?»

«ወደ ውስጥ ከገባች በቀኝ እግሯ አትመታውም፤ መስመሩ ግን ራሱ እንደ አንድ ተከላካይ ነው ይላሉ ሀጅ።»

«የትኛው ሀጅ?» ልጅቱ ዞር ብላ ጓደኞቿን ጠራች። «ኑ ስሙ! እናቴ የምትለውን ስሙ!»

ከበቧት። ጥያቄውን እሷ ናት የጠየቀችው፤ መልሱን ሃያዎቹም በአንድ ጊዜ ነው የመለሱላት። መሬት ላይ የውሃ ጠርሙስ ክዳኖች ተደረደሩ። በረኛዋ ከአማካይዋ ጋር ተጣላች። አሠልጣኟ ፈገግ ብላ ከሩቅ ታያለች። ሉጥፊያ የማዕዘን ምቱን ነገር በመጨረሻ አወቀች፤ ግራ ተመላላሿ የጎሉን የቅርብ ቋሚ ይዛ ነው የምትቆመው።

ሊለያዩ ሲሉ ነው ሬሕማ ብቻዋን ይዛት ወደ መስኮቱ የሄደችው። «እቴቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያኔ ስትሄጂ አልቅሼ ነበር? ሁሉም አልቅሰሻል ይለኛል፤ እኔ ግን አላስታውሰውም።»

«አላለቀስሽም። ተኝተሽ ነበር» አለች ሉጥፊያ። «ከነቃሽ እንደማልሄድ ስለማውቅ ሳትነቂ ወጣሁ።»

ሬሕማ ጥቂት አሰበችበት። «ሲነጋ ይሆናላ ያለቀስኩት» አለች፤ ቂም ይዛ ሳይሆን አንድ የጎደለ ነገር ቦታው እንደተገኘለት ሰው።

በታክሲው ሲመለሱ ሉጥፊያ መሐረቧን እንደያዘች ሀጅን አየቻቸው። «ያ ሀጅ፣ እውነት ያኔ አላዩም ነበር?»

ሀጅ በሽር በመስኮቱ ወደ ውጪ እያዩ፣ «ሦስት እርምጃ ላይ ነበርኩ» አሉ። «ኳሱን ጨርሶ አልነካም። የልጁን ቅልጥም ነው የመታው። አላህ ይቅር ይበለኝ።»

ጨዋታውን በራዲዮ ቢፈልጉት የሚያወራለት አልተገኘም። ጁምዓ ነው የተሰማው፤ ሁለት ለባዶ ተሸንፈዋል። ሬሕማ ዘጠናውን ደቂቃ ተጫውታለች፤ አንዷ ጎል በእሷ በኩል ነው የገባችው። ሉጥፊያ ከየት ተሻገረ፣ ማን ገጨው፣ አንቺ የት ነበርሽ እያለች ስታፋጥጣት ሬሕማ ተናደደች፤ «ዳኛ ነሽ እንዴ!» ብላ ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት። ሉጥፊያ የተዘጋውን ስልክ ይዛ ሳቀች። ልጇ ስትቆጣት የመጀመሪያዋ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሉጥፊያ መልሳ ደወለችና እስከ ስልክ ቤቱ መዝጊያ አወሩ።

የመልሱን ጨዋታ አዲስ አበባ ላይ አንድ እኩል ወጡና ከውድድሩ ወደቁ። ውድድሩ ሲያልቅ ቡድኑም አለቀ፤ ቱታቸውን መልሰው ልጆቹ በየአገራቸው ተበተኑ። ሬሕማ ሁለተኛ አልተጠራችም፤ ዕድሜዋ አለፈ። መምህራን ኮሌጅ ገብታ የስፖርት አስተማሪ ሆነች። ሀጅ በሽር በ1999 ክረምት፣ ዓባይ ሞልቶ በነበረበት ሰሞን፣ ሞቱ። ለቅሶው ላይ ጂብሪል መጥቶ ነበር፤ ለሰው ሁሉ «ሐቀኛ ዳኛ ነበሩ፤ ስሕተታቸውን ያመኑ» እያለ ሲናገር ሉጥፊያ ሻይ እያዞረች ሰማችው፤ አላረመችውም።

እሷ ኮምቦልቻ የገባችው በ2001 ዓ.ም. ነው፤ ለጥየቃ ሳይሆን ለመኖር። እናቷ ደክመዋል፤ ቤቱ ቆርቆሮ ለብሷል። በገባች በሦስተኛው ሳምንት ሬሕማ በከተማው የሴቶች ቡድን ስትጫወት ለማየት ሜዳ ሄደች። ልጇ ኳስ ስትጫወት በዓይኗ ስታያት የመጀመሪያዋ ነበር። መስመሩ አጠገብ፣ በግራ በኩል ቆመች። ከሁሉ የገረማት ድምፁ ነበር። ሀጅ ስለ ድምፁ ነግረዋት አያውቁም፤ ባቄላና የተምር ፍሬ አይናገሩም። ሜዳ ውስጥ ያሉት ግን አፋቸው አያርፍም፤ ይጠራራሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ ያጨበጭባሉ፤ ኳሱ ጭን ላይ ሲያርፍ እንደ ጥፊ ይጮሃል፤ ሬሕማ በአጠገቧ ስታልፍ የትንፋሿ ሙቀት ይደርሳታል። ልጄ ይኼን ትወደዋለች፤ ምኑን እንደሆነ አሁን በመጠኑ ገባት።

ሦስት ለሁለት ተሸነፉ። ሬሕማ ጭቃ በጭቃ ሆና መጣች።

«ሁለተኛዋ ጎል ያንቺ ናት» አለቻት ሉጥፊያ።

«የኔ? አማካይዋ ናት እንጂ ያልሸፈነችልኝ!»

«ስትወጪ ወደ ኋላሽ አላየሽም።»

«አይቻለሁ።»

«አላየሽም። ሰው ኳሱን ሲያይ እኔ አንቺን ብቻ ነው ያየሁት።»

ሬሕማ ልትመልስ አፏን ከፈተችና ተወችው። ታኬታዋን አውልቃ በክሩ ትከሻዋ ላይ አንጠለጠለችና በካልሲዋ መራመድ ጀመረች። «እሺ፣ ሁለተኛዋስ የኔ ትሁን» አለች፤ «የመጀመሪያዋ ግን ከጨዋታ ውጪ ነበረች።» ሉጥፊያ «አልነበረችም» አለች፤ ባጃጁ ውስጥ ገብተውም ሾፌሩ እስኪታዘባቸው ድረስ ተከራከሩ።